ኢብኑ ሲና፦ ሐኪሙን የጣለው ሕክምና

የታሪክ ጸሐፊዎች እንደመዘገቡት፣ በ428 ዓመተ ሂጅራ በረመዷን የመጀመሪያዋ ጁምዓ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በሰኔ ወር 1037፣ በዛሬዋ ኢራን ውስጥ በምትገኘው ሐመዳን የአንድ ሐኪም ነፍስ አለፈች። በጨረቃ አቆጣጠር 58 ዓመቱ ነበር። ስሙ አቡ ዐሊይ አል-ሑሴን ኢብኑ ዐብደላህ ኢብኑ ሲና ነው። ያረፈው በሆድ ቁርጠት ነው። ስለዚሁ ሕመም ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጽፏል፤ አሚሮችን ከዚሁ ሕመም አድኗል፤ ሹመት ያገኘውም በዚሁ ሕመም ምክንያት ነው። በረመዷን ዓምዳችን የዚህን ሊቅ ሕይወት ስንመርጥ ያሳሰበን አንድ ነገር ነው፦ ኢብኑ ሲናን የጎዳው ሕመሙ ብቻ ሳይሆን ለሕመሙ የተሰጠው ሕክምናም ነበር። የካንሰር ወይም ሌላ ከባድ ሕመም ያለበት ሰው ባለበት ቤት ይህ የሩቅ ዘመን ወሬ አይደለም።

ኢብኑ ሲና በ370 ዓመተ ሂጅራ (980) በቡኻራ አቅራቢያ በምትገኝ አፍሸና በተባለች መንደር ተወለደ። አባቱ ከበልኽ የመጣ የመንግሥት ሹም ነበር። ቤተሰቡ ወደ ቡኻራ ሲዛወር ልጁ ቁርኣን ተቀመጠ፤ 10 ዓመት ሲሞላው ቁርኣንን ጨርሶ ብዙ የዐረብኛ ሥነ ጽሑፍም ተምሮ ነበር። ፊቅህን ከአንድ ዓሊም ቀራ። የሕንድ ቁጥሮችን ስሌት እንዲማር አባቱ የላከው ግን ወደ አንድ አትክልት ነጋዴ ነበር። ይህችን ነገር እንወዳታለን፤ የዚያ ዘመን ሰው እውቀቱን ካለው ሰው ዘንድ ሄዶ ይማር ነበር፣ ባለ እውቀቱ ሱቅ ውስጥ ቢቀመጥም።

ሕክምናን በራሱ ንባብ ጀመረ። እሱ ራሱ ሲተርክ፣ ሕክምና ከከባዶቹ የእውቀት ዘርፎች አይቆጠርም ብሎ ያስብ ነበር፤ ገና 16 ዓመቱ ሳለ ሐኪሞች እየመጡ ከእሱ ይማሩ ነበር። መጻሕፍት ላይ ያልተጻፉ የሕክምና መንገዶችን በሽተኞችን እያየ ተማረ። አንድ ጥያቄ ሲያስቸግረው መስጂድ ሄዶ ይሰግዳል፣ አላህ እንዲከፍትለት ዱዓ ያደርጋል። የአሪስቶትልን የሜታፊዚክስ መጽሐፍ 40 ጊዜ አንብቦ በቃሉ እስኪይዘው ድረስ ሊገባው አልቻለም። አንድ ቀን በመጽሐፍ ሻጮች ገበያ አንድ ደላላ በ3 ድርሃም ካልገዛኸኝ ብሎ ያስቸገረውን የአል-ፋራቢን ማብራሪያ ገዛ፤ ቤቱ ገብቶ ሲያነበው የተዘጋበት ሁሉ ተከፈተ። በማግስቱ ለድሆች ብዙ ሰደቃ ሰጠ።

የሳማኒዶች አሚር ኑሕ ኢብኑ መንሱር ሐኪሞቹ ያላወቁት ሕመም ሲይዘው ወጣቱን አስጠሩት። አሚሩ ዳነ፤ ኢብኑ ሲናም የአሚሩን ቤተ መጻሕፍት ለማየት ፈቃድ አገኘ። ክፍል በክፍል የተደረደሩ የመጻሕፍት ሣጥኖች ነበሩ። ስማቸውን እንኳ ብዙ ሰው ያልሰማቸውን መጻሕፍት እዚያ አነበበ። 18 ዓመት ሲሞላው የዘመኑን እውቀት ጨርሶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወቱ ስደት ነው። ቤተ መንግሥቱ ወደቀ፣ አባቱም ሞተ፤ ኢብኑ ሲና ከከተማ ወደ ከተማ ሲንከራተት ጁርጃን ደረሰ። እዚያ አቡ ዑበይድ አል-ጁዝጃኒ የተባለ ተማሪ አገኘው። ይህ ሰው እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ ለ25 ዓመት አልተለየውም። ዛሬ ስለ ኢብኑ ሲና የምናውቀው አብዛኛው ነገር አል-ጁዝጃኒ በጻፈው የሕይወት ታሪክ የመጣ ነው። መምህሩን እየወደደ ጉድለቱን ያልሸሸገ ተማሪ ነበርና እኛም የምናምነው ለዚህ ነው።

አል-ቃኑን ፊ ጢብ የተባለው ታላቁ የሕክምና መጽሐፍ የተጀመረው በዚያው በጁርጃን ነው። በረይ ቀጠለ፣ በሐመዳን ተጠናቀቀ። አምስት ክፍል አለው፤ አንደኛው ስለ ሕክምና መሠረቶች፣ ሁለተኛው ስለ ነጠላ መድኃኒቶች፣ ሦስተኛው ከራስ ጀምሮ እስከ እግር ስላሉ የአካል ክፍሎች በሽታ፣ አራተኛው በአንድ አካል ብቻ ስለማይወሰኑ በሽታዎች፣ አምስተኛው ስለ ቅይጥ መድኃኒቶች።

ካንሰር የሚገኘው በአራተኛው ክፍል ነው። በዐረብኛ ሰረጣን ይባላል፤ የእኛው ሸርጣን ማለት ነው። ስያሜው ከግሪኮች ጀምሮ የመጣ ሲሆን፣ በእብጠቱ ዙሪያ የሚዘረጉት የደም ሥሮች የሸርጣን እግር ስለሚመስሉ ነው ይላሉ። ኢብኑ ሲና የበሽታውን ምንጭ ያስረዳው በዘመኑ አስተሳሰብ ነው፦ በሰውነት ውስጥ ከሚገኙ አራት ፈሳሾች አንዱ የሆነው ጥቁር ሐሞት ሲቃጠልና ሲከማች ካንሰር ይሆናል። ይህ ስሕተት ነው። ጥቁር ሐሞት የሚባል ፈሳሽ በሰውነት ውስጥ የለም። ነገር ግን ምክንያቱን ቢስትም በዓይኑ ያየውን በትክክል መዝግቧል። ካንሰር ሲጀምር ትንሽ እንደሆነ፣ አንዳንዴ ሳይታወቅ ውሎ እንደሚያድር፣ እያደገ ሲሄድ እንደሚጠነክርና እንደሚቆስል ጽፏል። የሐኪሙን ዓላማ ደግሞ በደረጃ ለይቶታል፦ ከተቻለ ማጥፋት፣ ይህ ግን ከባድ ነው፤ ካልተቻለ እንዳይስፋፋ መግታት፤ ያም ካልሆነ እንዳይቆስል መጠበቅ፤ ከቆሰለም ቁስሉን ማከም። ዛሬ ካንሰርን ማዳን ሳይቻል ሲቀር ሕመምተኛውን ማስታገስና መንከባከብ ራሱን የቻለ የሕክምና ዘርፍ ሆኗል። የኢብኑ ሲና ዝርዝር ይህን ሐሳብ በውስጡ ይዟል ብንል ያጋነንን አይመስለንም።

ስለ ቀዶ ሕክምና የጻፈው የበለጠ ያስደንቃል። እብጠቱ ትንሽ ከሆነና ቢላዋ በሚደርስበት ቦታ ከሆነ ከነሥሩ ይቆረጥ፤ ወደ እብጠቱ የሚሄዱት የደም ሥሮች አንዳቸውም አይቅሩ ይላል። ወዲያው ግን ያስጠነቅቃል፤ መቁረጥ አንዳንዴ ነገሩን ያብሳል። አንድ ሐኪም ካንሰር የያዘውን ጡት ሙሉ በሙሉ ቆርጦ ካነሳ በኋላ በሽታው በሌላኛው ጡት መውጣቱን ከቀደሙት ሐኪሞች የተላለፈ ታሪክ አድርጎ ይጠቅሳል። ማይክሮስኮፕ በሌለበት ዘመን፣ በሽታው ከተቆረጠው ቦታ ውጭ ሊቀር እንደሚችል ማሰብ ትልቅ ማስተዋል ነው። በኢትዮጵያ በሴቶች ላይ ከሚገኙ የካንሰር ዓይነቶች ብዙውን ቁጥር የሚይዘው የጡት ካንሰር ነው፤ ብዙዎቹም ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት እብጠቱ ካደገ በኋላ ነው። እናቶቻችንና እኅቶቻችን በሐያእ ወይም በፍርሃት የሚደብቁት ትንሽ እብጠት፣ ኢብኑ ሲና ሊቆረጥ ይችላል ያለው ያ ትንሹ እብጠት ነው።

በሁለተኛው ክፍል ደግሞ አንድ መድኃኒት በሙከራ እንዴት እንደሚታወቅ ሕግ አስቀምጧል። መድኃኒቱ ከባዕድ ነገር የጸዳ ይሁን፤ በነጠላ በሽታ ላይ እንጂ በተደራረበ በሽታ ላይ አይሞከር፤ እርስ በርስ በሚቃረኑ ሕመሞች ላይ ይታይ፤ ውጤቱ መቼ እንደመጣ ይመዝገብ፤ ደጋግሞ ካልታየ እንደ አጋጣሚ ይቆጠር፤ በመጨረሻም ሙከራው በሰው ላይ ይሁን፤ በአንበሳ ወይም በፈረስ ላይ የታየው ለሰው ላይሠራ ይችላልና። ዛሬ አዲስ የካንሰር መድኃኒት ለሕዝብ ከመድረሱ በፊት የሚያልፍባቸው ደረጃዎች ከዚህ እጅግ የረቀቁ ናቸው፤ ጥያቄዎቹ ግን ዝምድና አላቸው። ኢብኑ ሲና በሽተኞችን ሲያክም ያያቸውን ነገሮች በወረቀት ይዞ ወደ አል-ቃኑን ሊያስገባ አስቦ ነበር። መጽሐፉ ሳያልቅ ወረቀቶቹ ጠፉ። ከጠፉት ብዙ የጥበብ መጻሕፍት ይልቅ እኛን የሚያስቆጩን እነዚህ ወረቀቶች ናቸው።

ወደ ቁርጠቱ እንመለስ። በሐመዳን አሚሩ ሸምሱ ደውላ ቁርጠት ይዞት ኢብኑ ሲናን አስጠራ። 40 ቀንና ሌሊት ቤተ መንግሥት ቆይቶ አዳነው፤ ከዚያም ወዚር ሆኖ ተሾመ። ሠራዊቱ ግን አመፀበት፤ ቤቱን ከብበው ንብረቱን ዘረፉ፣ እሱን አሰሩ፣ አሚሩ እንዲገድለውም ጠየቁ። አሚሩ መግደሉን እምቢ ብሎ ከሹመት አነሳው። ኢብኑ ሲና በአንድ ወዳጁ ቤት 40 ቀን ተደበቀ። አሚሩን ቁርጠቱ ሲያገረሽበት ሐኪሙን አስፈልጎ ይቅርታ ጠየቀው፣ ወዚርነቱንም መለሰለት። ቀን የመንግሥት ሥራ፣ ሌሊት ትምህርት ሆነ፤ ተማሪዎች ተሰብስበው ከሺፋእና ከአል-ቃኑን በየተራ ያነቡ ነበር።

ቆይቶ ሸምሱ ደውላ ዘመቻ ላይ ሳለ ቁርጠቱ እንደገና ያዘው፤ የሐኪሙን ምክር አልጠበቀም ነበርና ሞተ። ልጁ ኢብኑ ሲናን ወዚር ሁንልኝ ቢለው እምቢ አለ፤ በአንድ መድኃኒት ሻጭ ቤት ተደብቆ በእጁ መጽሐፍ ሳይኖር ከሺፋእ በቀን 50 ቅጠል ይጽፍ ጀመር። ተጠቁሞ ተያዘና ፈርደጃን በተባለ ምሽግ 4 ወር ታሰረ። በእስር ቤት ከጻፋቸው አንዱ ስለ ቁርጠት የሚያወሳው መጽሐፍ ነው። ከተፈታ በኋላ ከወንድሙ፣ ከአል-ጁዝጃኒና ከሁለት አገልጋዮች ጋር የሱፊዎችን ልብስ ለብሶ ወደ ኢስፋሃን አመለጠ። በዚያ አሚሩ ዐላኡ ደውላ በክብር ተቀበለው፤ የተረጋጋ ኑሮ ያገኘው እዚያ ነው።

ሕይወቱ ከነቀፋ የጸዳ አልነበረም። በፍልስፍናው ምክንያት ከእሱ በኋላ የተነሡት ኢማም አል-ገዛሊ በሦስት ጉዳዮች ላይ በብርቱ ተችተውታል፤ በኑሮውም ራሱን የማይቆጥብ፣ ለሰውነቱ የማይጠነቀቅ እንደነበር ተማሪው ጽፏል። በመጨረሻ የተያዘውም በዚሁ ነው።

ከዐላኡ ደውላ ጋር በዘመቻ ላይ ሳለ ቁርጠት ያዘው። ሠራዊቱ ከሸሸ እሱ በሕመሙ ወደ ኋላ ሊቀር ነው፤ ይህን ስለፈራ ቶሎ ለመዳን ቸኮለ። አንጀትን ለማጠብ በታች በኩል የሚገባውን መድኃኒት በአንድ ቀን 8 ጊዜ ወሰደ። አንጀቱ ቆሰለ። በዚያው ሁኔታ ጉዞ ቀጠሉ፤ አንዳንዴ ቁርጠትን ተከትሎ የሚመጣው መንዘፍዘፍም ያዘው። ነፋሱን እንዲሰብርለት በማጠቢያው ውስጥ 2 ዳነቅ የሴለሪ ዘር እንዲጨመር አዘዘ። ዳነቅ የድርሃም አንድ ስድስተኛ ነው። ሲያክመው የነበረው ሐኪም 5 ድርሃም ጨመረበት። ስናሰላው ከታዘዘው 15 እጥፍ ይሆናል። በስሕተት ይሁን ሆን ብሎ አል-ጁዝጃኒ አላወቀም። ቁስሉ ባሰ። ለመንዘፍዘፉ የሚወስደው ቅይጥ መድኃኒት ውስጥ ደግሞ አገልጋዮቹ ብዙ ኦፒየም ጨመሩ፤ ከገንዘቡ ብዙ ሰርቀው ነበርና ከዳነ ይቀጣናል ብለው ፈሩ።

ሕመሙ አንድ ነበር፤ የበዛው መድኃኒት ሁለተኛ በሽታ ወለደ። ይህ በዛሬው ሕክምናም የሚታወቅ ፈተና ነው። ኬሞቴራፒ ካንሰርን ሲያጠፋ በሽታ የሚከላከሉትን ነጭ የደም ሕዋሶችም ይቀንሳል፤ ስለዚህ ትንሽ ትኩሳት እንኳ ለኬሞቴራፒ ታካሚ የድንገተኛ ሕክምና ጉዳይ ነው። ጄምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆ በ2018 የኖቤል ሽልማት ያገኙበት ግኝት ደግሞ የሰውነት የመከላከል አቅም ፍሬኑ ተለቅቆ ካንሰርን እንዲወጋ የሚያደርጉ መድኃኒቶችን አስገኝቷል። ብዙ ሰው በእነዚህ ድኗል ወይም ዕድሜው ረዝሟል። ፍሬን የሌለው ሠራዊት ግን ወዳጁንም ይመታል፤ በአንዳንድ ታካሚዎች ቆዳን፣ ሳንባን፣ የእንቅርት ዕጢን፣ አንጀትንም ያቆስላል። ሐኪሞች ያን ጊዜ መድኃኒቱን አቁመው ስቴሮይድ ይሰጣሉ፤ ስቴሮይዱም በፋንታው የመከላከል አቅምን ያዳክማል። መጠንና ሰዓት እዚህ ላይ ሕይወት ናቸው። በረመዷን መድኃኒቱን ሳይጠይቅ ወደ ኢፍጣርና ሱሁር የሚያዛውር፣ ያለፈውንም ለማካካስ ደርቦ የሚውጥ ሕመምተኛ በየሰፈራችን አለ። አላህ ለታመመ ሰው በሌላ ቀን እንዲጾም በቁርኣኑ ፈቅዶለታል፤ ሕመሙ የማይለቅ ከሆነም ዑለሞቻችን ፊድያውን ያስረዱታል። ከሐኪሙ ጋር መነጋገር ደግሞ ረመዷን ሳይገባ የሚደረግ ነው።

ኢብኑ ሲናን በቃሬዛ ኢስፋሃን አደረሱት። ከድካሙ ብዛት መቆም አቅቶት ነበር፤ ራሱን እያከመ እንደገና መራመድ ቻለ፣ አሚሩ ዘንድም መግባት ጀመረ። ሆኖም አልተጠነቀቀም፤ ሕመሙ ይመለሳል፣ ይሄዳል። ዐላኡ ደውላ ወደ ሐመዳን ሲዘምት አብሮት ወጣ፤ መንገድ ላይ አገረሸበት። ሐመዳን ሲደርስ አቅሙ እንደከዳውና በሽታውን መመከት እንደማይችል አወቀ። ሰውነቱን ሲያስተዳድር የኖረው ኃይል ከእንግዲህ አያስተዳድርም አለና ሕክምናውን ተወ።

የቀረውን ቀን በተውባ አሳለፈ። ገንዘቡን ለድሆች ሰጠ፣ የበደላቸውን ካሰ፣ ባሪያዎቹን ነፃ አወጣ፣ በየሦስት ቀኑም ቁርኣን ያኸትም ነበር ይባላል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ረመዷን ገብቶ ሳለ ሞተ፤ በሐመዳን ተቀበረ። በቶሌዶ ወደ ላቲን የተተረጎመው አል-ቃኑን በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች እስከ 17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ ሲማሩበት ቆየ፤ በዐረብኛ ደግሞ በ1593 ሮም ላይ ታተመ። የዛሬው የመቃብሩ ሕንፃ የተሠራው በ1950ዎቹ ሲሆን እስካሁንም ሐመዳን ውስጥ ቆሞ ይገኛል።