የደም ሴሎችን በቀለም የለዩት ሐኪም ፖል ኤርሊክ

ዛሬ በየሆስፒታሉ ለሚካሄደው የነጭ የደም ሴሎች የዓይነት ቆጠራ መሠረት የጣሉት ጀርመናዊው ሐኪምና ተመራማሪ ፖል ኤርሊክ የተወለዱት እ.ኤ.አ ማርች 14 ቀን 1854 ሽትሬለን በተባለች፣ አሁን በፖላንድ በምትገኝ ከተማ ነው።

ኤርሊክ ሕክምናን በብሬስላው፣ በስትራስቡርግና በላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲዎች ተከታትለዋል። በዘመኑ ለጨርቃ ጨርቅ ማቅለሚያ በብዛት ይመረቱ የነበሩትን ሰው ሠራሽ ቀለሞች ለሕዋሳት ምርመራ የመጠቀምን ሐሳብ ያገኙት ከአጎታቸው ልጅ ከካርል ቫይገርት እንደነበር ይታወቃል። እ.ኤ.አ በ1878 ያቀረቡት የዶክትሬት ጽሑፋቸውም ይህንኑ የማቅለም ዘዴ የሚመለከት ነበር።

በዚያው ዓመት በርሊን በሚገኘው የሻሪቴ ሆስፒታል ሥራ የጀመሩት ኤርሊክ ትኩረታቸውን በደም ላይ አደረጉ። ከዚያ ቀደም ነጭ የደም ሴሎች በማይክሮስኮፕ ቢታዩም አንዱን ከሌላው በእርግጠኝነት መለየት አስቸጋሪ ነበር። ኤርሊክ ጥቂት ደም በመስተዋት ላይ በስሱ አሰራጭተው፣ በሙቀት አድርቀውና በልዩ ልዩ ቀለማት ነክረው ሲመረምሩ፣ እያንዳንዱ የሴል ዓይነት የየራሱን ቀለም የሚመርጥ መሆኑን አረጋገጡ። ኢኦሲኖፊል፣ ቤዞፊልና ኒውትሮፊል የሚባሉት ሴሎች ስያሜያቸውን ያገኙት ከዚሁ ነው። በዚህም ደም ሊቆጠርና ሊነበብ የሚችል የምርመራ ሰነድ ሆነ።

ተመራማሪው የገዛ ዘዴያቸው የራሳቸውን ሕመም ገልጦባቸዋል። እ.ኤ.አ በ1888 በአክታቸው ውስጥ የሳንባ ነቀርሳ ተህዋሲያን በማግኘታቸው፣ ለማገገም ከባለቤታቸው ጋር ወደ ግብጽ ተጉዘው በቀጣዩ ዓመት ተመልሰዋል።

ከዚያም በሮበርት ኮክ ተቋም በመሥራት የዲፍቴሪያ መድኃኒት የሆነው ሴረም ጥንካሬ በትክክል የሚለካበትን ሥርዓት ዘረጉ። በበሽታ መከላከል አቅም ጥናታቸውም እ.ኤ.አ በ1908 የኖቤል ሽልማትን ከኢልያ ሜችኒኮቭ ጋር ተጋርተዋል። ከጃፓናዊው ሳሃቺሮ ሃታ ጋር ያገኙት የቂጥኝ መድኃኒት ሳልቫርሳን እ.ኤ.አ በ1910 ለአገልግሎት በቅቷል።

ኤርሊክ ሴሎችን በለዩበት ዘመን ቫይረስ የሚባል የበሽታ መንስኤ ገና አልታወቀም ነበር። ይሁንና እ.ኤ.አ በ2020 የኮቪድ-19 ወረርሽኝ ዓለምን ባዳረሰ ጊዜ፣ ሐኪሞች የትኛው ታማሚ ሊጠናበት እንደሚችል ለመገመት ከተጠቀሙባቸው መለኪያዎች አንዱ ይኸው ቆጠራ ነው። ሕመሙ በጸናባቸው በርካታ ታማሚዎች ላይ ቫይረስን በመከላከል ረገድ ጉልህ ድርሻ ያላቸው ሊምፎሳይቶች ሲቀንሱ፣ ኒውትሮፊሎች ሲጨምሩ ታይቷል። እ.ኤ.አ በ1930 በኒውዮርክ ሮክፌለር ኢንስቲትዩት የተገኘው ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን እና የደም መርጋትን የሚጠቁመው ዲ-ዳይመርም በተጨማሪ መለኪያነት አገልግለዋል። የኤች አይ ቪ ታማሚዎችን ሁኔታ ለመከታተል የሚቆጠረው ሲዲ 4 ራሱ የሊምፎሳይት ዓይነት ነው።

የዚህ ቆጠራ ፋይዳ በተለይ የጎላው አልጋና ኦክስጅን ለሁሉም በማይበቃበት ወቅት ነው። ውድ መሣሪያ በሌለበትም ቢሆን ማይክሮስኮፕ፣ ቀለምና የሠለጠነ ባለሙያ ካሉ፣ የቅርብ ክትትል የሚያሻውን ታማሚ ቀድሞ ለመለየት ያግዛል። ሆኖም አኃዙ ብቻውን ውሳኔ አይሆንም። በባክቴሪያ የሚመጣ ተጨማሪ ሕመምም ሆነ እንደ ዴክሳሜታሶን ያሉ መድኃኒቶች ቆጠራውን ሊለውጡት ስለሚችሉ፣ ውጤቱ ከታማሚው ዕድሜ፣ ከአተነፋፈሱና ከሌሎች ምልክቶች ጋር ተገናዝቦ መታየት ይኖርበታል።

ፖል ኤርሊክ እ.ኤ.አ ኦገስት 20 ቀን 1915 በ61 ዓመታቸው ባድ ሆምቡርግ በተባለች የጀርመን ከተማ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። የጀርመን መንግሥት የክትባትና የሥነ ሕይወታዊ መድኃኒቶች ተቆጣጣሪ ተቋምም በስማቸው ይጠራል።