ጉስታቭ ትሩቬ

ጉስታቭ ትሩቬ (1839–1902 እ.ኤ.አ.) የፈረንሳይ የኤሌክትሪክ መሐንዲስና የፈጠራ ሰው ነበር። ከጀልባ ላይ ተነቅሎ ሊወሰድ የሚችል የኤሌክትሪክ ሞተር በመሥራቱ ይታወቃል። ዛሬ ዓሣ አጥማጆች በጀልባ ላይ የሚያስሩት ባለ ባትሪ ሞተር የዚሁ ሥራ ተከታይ ነው።

ሕይወት

በአሁኑ ስሟ ዴካርት በምትባለው ከተማ ተወለደ። በአንዤ የሙያ ትምህርት ቤት ገብቶ በጤና ምክንያት ሳይጨርስ ወጣ። ከዚያ ፓሪስ ሄዶ የሰዓት ሥራ ያዘ። በ1865 በኪስ የሚያዝ ትንሽ ባትሪ ሠራ።

የጀልባው ሙከራ

በሜይ 26 ቀን 1881 ክብደቱ 5 ኪሎ ግራም የሆነውን ሞተር 3 ሰዎች በጫነች የ5.5 ሜትር ጀልባ ላይ አድርጎ በሴን ወንዝ ሞከረ። ጀልባዋ ከወንዙ ጋር ስትወርድ በሰከንድ 2.5 ሜትር፣ ሽቅብ ስትመለስ 1.5 ሜትር ሄደች።

ከአንድ ወር በኋላ መቅዘፊያውንና ባትሪዎቹን ለውጦ በቡሎኝ ደን ሐይቅ ላይ ደገመው። መጀመሪያ 150 ሜትር በ48 ሰከንድ ሄደች፤ ከ3 ሰዓት በኋላ 55 ሰከንድ፣ ከ5 ሰዓት በኋላ 65 ሰከንድ ፈጀባት። በውሃ ላይ ፍጥነትን እጥፍ ማድረግ 8 እጥፍ ያህል ኃይል ስለሚጠይቅ፣ ፍጥነቱ በሩብ ሲቀንስ የሚደርሰው ኃይል ከግማሽ በታች ወርዶ ነበር። በዚሁ ምክንያት በዝግታ የሚነዳ ጀልባ ባትሪው ብዙ ይቆያል።

ፍጻሜ

ትሩቬ በሥራ ላይ ጣቱን ቆርጦ ቁስሉ በመመረዙ በፓሪስ ሞተ። ሚስትም ልጅም አልነበረውም። የመቃብሩ ኪራይ ስላልታደሰ አፅሙ ወደ ጋራ መቃብር ተዛወረ፤ ሰነዶቹም በ1980 በእሳት ጠፉ።