ሚኻኢል ቺጎሪን፤ የሁለቱ ፈረሶች ጠበቃ

ብዙ ሰው የሚታወሰው ባገኘው ድል ነው። አንዳንዱ ግን ድሉ ከእጁ ቢያመልጠውም ያቆመው ሐሳብ ስሙን ይዞ ይኖራል። ዛሬ ታሪኩን ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ሩሲያዊው የሰንጠረዥ ሊቅ ሚኻኢል ኢቫኖቪች ቺጎሪን ከነዚህ አንዱ ነው። ይህ ሰው የዓለምን ሻምፒዮንነት ለመያዝ ሁለት ጊዜ ተጋጥሞ ሁለት ጊዜ ተሸንፏል። ሆኖም የዘመኑ ታላላቅ ሊቃውንት እንደ ሕግ የተቀበሉትን አንድ አስተያየት አልቀበልም ብሎ ዕድሜውን ሁሉ ተከራከረ። የክርክሩም ፍሬ ነገር ሁለት ፊሎችና ሁለት ፈረሶች በአንድ ሰሌዳ ላይ ቢገናኙ ብልጫው የማን ነው የሚል ነበር።

ነገሩ ለጨዋታው እንግዳ ለሆነ አንባቢ እንዳይከብድ፣ አስቀድመን ስለ ሁለቱ መጫወቻዎች ጥቂት እንናገራለን። እንግሊዞች ጳጳስ የሚሉትን መጫወቻ የአገራችን የጥንት ሰንጠረዥ ፊል ይለዋል፤ ፊል ማለት በዓረብኛ ዝሆን ነው። ሩሲያውያንም እስከ ዛሬ ዝሆን ብለው ይጠሩታል። ስለዚህ እኛም አባቶቻችን ባወጡለት ስም ፊል እንለዋለን። የጥንቱ ፊል በሰያፍ አንዱን ቤት ዘሎ ቀጥሎ ባለው ቤት ላይ ያርፍ ነበር። የዛሬው ግን መንገዱ ክፍት እስከ ሆነ ድረስ በሰያፍ ከዳር እስከ ዳር ይጓዛል፤ በሰሌዳው መካከል ቢቆም እስከ 13 ቤት ሊደርስ ይችላል። ጉድለቱ በነጭ ቤት የተነሣው በነጭ ብቻ፣ በጥቁር የተነሣውም በጥቁር ብቻ ሲሄድ መኖሩ ነው። ሁለቱ ፊሎች አብረው ሲገኙ ግን አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል።

የፈረስ አካሄድ አጭር ነው። ከመካከል ቢቆም 8 ቤት፣ ከማዕዘን ቢጣል 2 ቤት ብቻ ይደርሳል። ነገር ግን ከሌሎች ራስ በላይ ይዘልላል፤ የታጠረ በር አያግደውም፤ በየእርምጃውም ከነጭ ቤት ወደ ጥቁር፣ ከጥቁር ወደ ነጭ ይለዋወጣል። በጨዋታው መጨረሻ ብቸኛ ንጉሥ ቢቀር፣ ሁለት ፊሎች ከንጉሣቸው ጋር ሆነው በግድ ማት ያደርጉታል። ሁለት ፈረሶች ግን ባላጋራው ራሱ ካልተሳሳተ በቀር ይህን ለማድረግ አይችሉም። እንግዲህ ይህን ያየ ሰው ፍርዱን ወዲያው ለፊሎች ቢሰጥ አያስደንቅም።

ቺጎሪን የተወለደው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኖቬምበር 12 ቀን 1850 ዓ.ም. ለሴንት ፒተርስቡርግ ቅርብ በሆነችው በጋቺና ከተማ ነው፤ ከዚህ በኋላ የምንጠቅሰውም ዘመን ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ነው። ገና ልጅ ሳለ ወላጆቹ ስለ ሞቱበት በጋቺና የሙት ልጆች ማሳደጊያ ትምህርት ቤት ገብቶ አደገ። የሰንጠረዥን አካሄድ በ16 ዓመቱ ከአስተማሪው ተማረ። ትምህርቱን ጨርሶም በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆነ። ዛሬ በየቢሮው የሚገኘው ወጣት ሁሉ እንደሚያደርገው ቀን ወረቀት ሲጽፍና ሲያገላብጥ ይውላል፤ ማታ ግን ዶሚኒክ ወደሚባለው የሴንት ፒተርስቡርግ ቡና ቤት ሄዶ ከሰንጠረዥ ወዳጆች ጋር ያመሻል። በዚህ ዓይነት ጨዋታው በ24 ዓመቱ ገደማ ልቡን ሙሉ በሙሉ ወሰደው፤ ሥራውንም ለቆ ኑሮውን በሰንጠረዥ ላይ አቆመ። በ1876 ዓ.ም. የሰንጠረዥ መጽሔት አቋቁሞ እስከ 1881 ዓ.ም. አዘጋጀ። ገንዘብ የሚገኝበት ሥራ አልነበረም፤ ችግርም እስከ መቃብር ድረስ ከቤቱ አልወጣም።

በዚያን ጊዜ በጨዋታው ዓለም የበላይ የነበረው በ1836 ዓ.ም. በፕራግ የተወለደው ዊልሄልም ሽታይኒትስ ነው። ሽታይኒትስ ሰንጠረዥን ከድንገተኛ ጀብዱ አውጥቶ ወደ ሥርዓት ያገባ ታላቅ ሰው ነው። ካስተማራቸውም ነገሮች አንዱ የሁለቱ ፊሎች ኃይል ነበር። ዘዴው እንዲህ ነው፦ ፊሎች ያሉት ሰው ወታደሮቹን በጥንቃቄ ወደ ፊት እያስኬደ ፈረሱ የሚያርፍባቸውን ቤቶች አንድ በአንድ ይነጥቀዋል። ፈረሱም ማረፊያ ሲያጣ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፤ ሰሌዳው ይከፈታል፤ ፊሎቹም በግራና በቀኝ ያሉትን ወታደሮች በአንድ ጊዜ ያስጨንቃሉ። ሽታይኒትስ በ1883 ዓ.ም. በለንደን ውድድር ኤንግሊሽ የተባለውን የቪየና ሰው በዚህ መንገድ ሲያሸንፍ ጨዋታው እንደ መማሪያ ተቈጠረ። ከርሱ በኋላ የመጣው ጀርመናዊው ሐኪም ዚግቤርት ታራሽም ይህን ትምህርት አጽንቶ አስተማረ።

ቺጎሪን ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር። ፊሎችን የሚንቅ ሰው ነበር ብለን ብንጽፍ ሐሰት ይሆንብናል፤ እጅግ ከሚያምሩት ድሎቹ ብዙዎቹ በፊሎች ጥቃት የተገኙ ናቸው። እርሱ የተቃወመው መጫወቻ ቦታው ሳይታይ በስሙ ብቻ እንዲመዘን ነው። ሰሌዳው በወታደሮች ከተዘጋ ፊል በራሱ ወገን አጥር ውስጥ ታስሮ ይቀራል፤ ፈረስ ግን አጥሩን ዘሎ ከመካከል አንድ ቤት ይይዛል። ያን ቤት የራሱ ወታደር ከጠበቀለት፣ የጠላት ወታደርም ሊያባርረው የማይችል ከሆነ፣ ከማንኛውም ፊል ይበልጣል። የቺጎሪን እምነት ይህ ነበር። ለዚህም ነው በስሙ በሚጠራው መከላከያ ፊሉን ገና በጨዋታው መጀመሪያ በፈረስ ለመለወጥ የማይሳሳው።

እርሱና ሽታይኒትስ ይህን የመሰለውን የአስተያየት ልዩነት በወረቀት ብቻ ተጨቃጭቀው አልተዉትም። እንደ አገራችን አነጋገር ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው ተባባሉ። በኩባ ዋና ከተማ በሐቫና የሚገኘው የሰንጠረዥ ማኅበር ሽታይኒትስን ከማን ጋር መጋጠም እንደሚወድ ቢጠይቀው የመረጠው ቺጎሪንን ነው። በ1889 ዓ.ም. ተጋጠሙ። ከ17 ጨዋታዎች ውስጥ እኩል የወጡት በአንዱ ብቻ ነበር፤ ሽታይኒትስ 10፣ ቺጎሪን 6 አሸነፉና ሻምፒዮንነቱ ከባለቤቱ ጋር ቀረ። በዚያው ዓመት ግን ቺጎሪን በኒው ዮርክ ታላቅ ውድድር ከማክስ ቫይስ ጋር አንደኝነቱን ተካፈለ።

ክርክሩም በቴሌግራም ቀጠለ። በ1890 እና በ1891 ዓ.ም. ሽታይኒትስ ከኒው ዮርክ፣ ቺጎሪን ከሴንት ፒተርስቡርግ ሆነው ሁለት ጨዋታዎችን በአንድ ጊዜ እያስኬዱ እርምጃቸውን በባሕር ውስጥ ሽቦ ይላላኩ ነበር። ከሁለቱ አንዱ የሁለት ፈረሶች መከላከያ በሚባለው አጀማመር የተከፈተ ነው። በዚህ ጨዋታ ሽታይኒትስ በመጽሐፉ ለሚደግፈው አሳብ ታማኝ ሆኖ ፈረሱን ከሰሌዳው ዳር አስቀመጠ። ቺጎሪን ሁለቱንም ጨዋታዎች አሸነፈ። ብዙ ቀን እየታሰበበት የተላከ እርምጃ በድካም ወይም በድንጋጤ የተሳሳተ ነው ለማለት አይቻልምና፣ ይህ ድል የቺጎሪንን ስም እጅግ ከፍ አደረገው።

በ1892 ዓ.ም. ለሁለተኛ ጊዜ በሐቫና ተገናኙ። አስቀድሞ 10 ጨዋታ ያሸነፈ ባለድል እንዲሆን ተወስኖ ነበር። ሃያ ሦስተኛው ጨዋታ ሲጀመር ሽታይኒትስ 9፣ ቺጎሪን 8 አሸንፈው ነበር። በዚህ ጨዋታ ቺጎሪን አንድ መጫወቻ አትርፎ ድሉን በእጁ አስገብቷል፤ ቢያሸንፍ እኩል ይሆናሉ። ከፊሎቹ አንዱ በንጉሡ አጠገብ ያለችውን አንዲት ወታደር ከሩቅ ይጠብቅ ነበር። በሠላሳ ሁለተኛው እርምጃ ቺጎሪን ያንን ፊል ከዘበኝነቱ አነሣው። ሽታይኒትስ በግንቡ ወታደሯን በላ፤ በሚቀጥለው እርምጃም ማት የማይቀር ሆነ። ግጥሚያው በዚሁ አለቀ። የፈረሶች ጠበቃ የተባለው ሰው የዓለምን ሻምፒዮንነት ያጣው አንድ ፊል ከቦታው በማንሣቱ ነው። የመጫወቻ ዋጋ እንደ ቦታው ነው ሲል የኖረ ሰው የራሱን ትምህርት ለአንድ አፍታ ቢዘነጋ የተቀበለው ቅጣት ይህን ያህል ከባድ ሆነ።

እንዲህ ያለ ውድቀት ብዙውን ሰው ከሜዳ ያስወጣው ነበር። ቺጎሪን ግን በሚቀጥለው ዓመት በ1893 ዓ.ም. ከታራሽ ጋር በሴንት ፒተርስቡርግ 22 ጨዋታዎች ተጋጥሞ እያንዳንዳቸው 9 አሸንፈው፣ በ4ቱ እኩል ወጥተው ተለያዩ። በ1895 ዓ.ም. ደግሞ በእንግሊዝ አገር በሄስቲንግስ ከተማ 22 የዓለም ታላላቅ ተጫዋቾች ተሰበሰቡ። ከነርሱም አንዱ ሽታይኒትስን በ1894 ዓ.ም. አሸንፎ ሻምፒዮን የሆነው ወጣቱ ኤማኑኤል ላስከር ነበር።

ቺጎሪን ከላስከር ጋር ሲጫወት የድሮ ክርክሩን ግልጽ አድርጎ በሰሌዳ ላይ አኖረው። በሦስተኛው እርምጃ አንዱን ፊል ለአንድ ፈረስ፣ በስምንተኛው ሁለተኛውን ፊል ለሁለተኛው ፈረስ ሰጠ። እንግዲህ ሻምፒዮኑ ሁለት ፊሎች፣ ቺጎሪን ሁለት ፈረሶች ይዘው ቀሩ። በትምህርቱ መሠረት ላስከር ብልጫ ሊኖረው በተገባ ነበር። ቺጎሪን ግን ሰሌዳው እንዳይከፈት በትዕግሥት ዘጋው። የላስከር ወታደሮች በመካከል ተሰልፈው ለራሳቸው ፊል ግድግዳ ሆኑበት፤ የቺጎሪን ፈረሶች ግን ማንም ሊያባርራቸው የማይችል ማረፊያ አገኙ። ረዥም ትግል ከተደረገ በኋላ ሻምፒዮኑ ተሸነፈ። ቺጎሪን በዚያ ውድድር ፒልስበሪ የተባለውን አሜሪካዊም አሸንፎት ነበር፤ ሆኖም ውድድሩ ሊፈጸም ሲል በያኖቭስኪ ስለ ተረታ፣ በግማሽ ነጥብ ብቻ ተበልጦ ፒልስበሪ አንደኛ፣ እርሱ ሁለተኛ ሆነ። ላስከር ሦስተኛ ነበር።

በዚህ ክርክር እውነቱ ከማን ጋር ነበር? ፍርዱን ዛሬ በኮምፒዩተር እየተረዳን ለመስጠት እንችላለን። ኬን ቶምፕሰን የተባለ አሜሪካዊ በ1983 ዓ.ም. እንዳረጋገጠው፣ ወታደር በሌለበት ሰሌዳ ሁለት ፊሎች አንድን ፈረስ በአብዛኛው ያሸንፋሉ፤ አንዳንድ ጊዜ ግን እስከ 66 እርምጃ ይፈጃል። ፈረሶቹ ሁለት ሲሆኑ ደግሞ ፍጻሜው በአብዛኛው እኩል ነው። ላሪ ካውፍማን በ1999 ዓ.ም. እጅግ ብዙ ጨዋታዎችን መርምሮ ሁለት ፊሎችን በአንድነት መያዝ ግማሽ ወታደር ያህል ብልጫ እንዳለው አስረዳ። እስከዚህ ድረስ ሽታይኒትስና ታራሽ ትክክል ነበሩ። ነገር ግን ያው ምርመራ ወታደሮች በሰሌዳው ላይ በበዙ ቍጥር የፈረስ ዋጋ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። የቺጎሪንም ቃል ይኸው ነበር። ሕጉ እውነት ነው፤ ሜዳውን ሳያዩ ሕጉን ብቻ መያዝ ግን ያሳስታል።

ቺጎሪን ከዚህ በኋላ በ1896 ዓ.ም. በቡዳፔስት አንደኛ ሆነ፤ ከ1899 እስከ 1903 ዓ.ም. የተደረጉትን ሦስቱን የመላ ሩሲያ ውድድሮች አሸነፈ። ከዚያ ወዲያ ጤናው ተጓደለ። በ1907 ዓ.ም. ካርልስባድ ለውድድር በሄደ ጊዜ ሐኪሞች መርምረው የስኳር በሽታው ሊድን የማይችል መሆኑን ነገሩት። ተለይቷቸው ወደ ኖረው ወደ ሚስቱና ወደ ልጁ፣ ዛሬ የፖላንድ ከተማ ወደ ሆነችው ወደ ሉብሊን ሄደ። ከመሞቱ በፊት መጫወቻውን እሳት ውስጥ አስጨመረው ይባላል። በጃኑዋሪ 25 ቀን 1908 ዓ.ም. በ57 ዓመቱ ዐረፈ። በሚቀጥለው ዓመት በሴንት ፒተርስቡርግ በመታሰቢያው በተደረገው ታላቅ ውድድር ላስከርና ሩቢንሽታይን አንደኝነቱን ተካፈሉ። የዚያች ከተማ የሰንጠረዥ ክበብም በቺጎሪን ስም ይጠራል፤ ከርሱ በኋላ የተነሡት የሩሲያ ሻምፒዮኖችም እንደ አባት ይቈጥሩታል።

ወጣት አንባቢዎቻችን በትምህርት ቤትም ሆነ በቢሮ ብዙ ሕግና መመሪያ ይቀበላሉ፤ መቀበላቸውም መልካም ነው፤ ሽታይኒትስን ያላወቀ ቺጎሪንን ሊረዳ አይችልምና። ነገር ግን መመሪያው የተጻፈው ጉዳዩ ከመቅረቡ በፊት ነው፤ ጉዳዩን ዓይቶ መፍረድ የሚገባው በወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው። ቺጎሪን ሻምፒዮንነቱን ሳያገኝ ሞቷል። ዛሬ ግን በየትኛውም አገር አንድ ተማሪ ፊሉን በፈረስ ከመለወጡ በፊት እጁን ገታ አድርጎ ሰሌዳው ክፍት ነው ወይስ ዝግ ብሎ ሲጠይቅ፣ ሳያውቀው የቺጎሪን ደቀ መዝሙር ሆኗል።