ዣንግ ቦሊንግ፣ የናንካይ ርዕሰ መምህር

እ.ኤ.አ. በ1898 ዓ.ም. በሰሜን ቻይና በምትገኘው በዌይሃይዌይ ወደብ የጃፓን ሰንደቅ ዓላማ ወርዶ የቻይና ተሰቀለ፤ በማግሥቱ የቻይናው ወርዶ የእንግሊዝ ተተካ። ይህን ውርደት ቆመው ከተመለከቱት መካከል አንዱ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣትና የባሕር ኃይል ባልደረባ የነበሩት ዣንግ ቦሊንግ ናቸው። የቲያንጂን ተወላጅ የሆኑት ዣንግ፣ አገራቸው ከመርከብና ከመድፍ ይልቅ የታነጸ ሰው እንደ ጎደላት በማመን የጦር ልብሳቸውን አውልቀው ወደ ከተማቸው ተመለሱ፤ በምሁሩ በያን ሺዩ ቤትም ጥቂት ልጆችን ማስተማር ጀመሩ። በ1904 ሁለቱ ጃፓንን ጎብኝተው እንደ ተመለሱ አንድ የግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ትምህርት ቤቱ በ1907 ናንካይ ወደተባለው ሥፍራ ተዛውሮ ስሙን ከዚያው ወሰደ።

በመግቢያው ላይ አንድ ትልቅ መስታወት ቆሞ ነበር። ከበላዩ የሰፈረው ጽሑፍ ፊት እንዲጠራ፣ ፀጉር እንዲስተካከል፣ ልብስ ሥርዓት እንዲይዝ፣ ቁልፍ እንዲቆለፍ፣ ትከሻም እንዲቀና ያሳስባል። ተማሪው በዚያ ባለፈ ቁጥር ራሱን ይመዝናል፤ በመሆኑም መስታወቱ ርዕሰ መምህሩ ባሉበትም በሌሉበትም የሚሠራ ተቆጣጣሪ ነበር ማለት ይቻላል። ሕጉ ለራሳቸውም ይሠራ ነበር። እንደሚተረከው፣ ጣቶቹ በትምባሆ ጢስ የበለዙ አንድ ተማሪ ሲገሥጹ እርሳቸውም እንደሚያጨሱ ቢያስታውሳቸው፣ ፒፓቸውን በፊቱ ሰብረው ከዚያ ወዲያ ትምባሆ አልቀመሱም።

የዘመኑ ትምህርት በመጻሕፍት ላይ ብቻ ያተኮረ በነበረበት ወቅት ናንካይ ስፖርትንና ቲያትርን የትምህርቱ አካል አደረገ። ኋላ የቻይና ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ቹ ኤን ላይ ከ1913 እስከ 1917 በዚያ ሲማሩ በመድረኩ ላይ ከታወቁት አንዱ ነበሩ።

የዣንግ አመራር አከራካሪ ገጽታ የገንዘቡ ጉዳይ ነው። ትምህርት ቤቱ የግል ስለነበረ የማያንኳኩት ደጅ አልነበረም፤ ከነጋዴውም፣ ከባለሥልጣኑም፣ ሕዝቡን ከሚያስጨንቁ የጦር አበጋዞችም ጭምር ተቀበሉ። ለተቃወሟቸው ሁሉ ፍግም ቢሆን አበባ እንደሚያበቅል ያስረዱ ነበር። ይህ መልስ ሁሉንም ያረካ አይመስልም፤ ሆኖም በዚያ ገንዘብ ዩኒቨርሲቲ በ1919፣ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት በ1923፣ የአንደኛ ደረጃ በ1928 ተከፍተዋል። ሰጪው በአስተዳደሩ ውስጥ እጁን እንዳያስገባ መጠበቅ ግን በአንድ ሰው ክብርና ብልሃት ላይ የተንጠለጠለ ነበር።

በ1936 ጦርነት እንደማይቀር ተረድተው በቾንግቺንግ ሌላ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። በሐምሌ 1937 የጃፓን ጦር የቲያንጂኑን ናንካይ በቦምብ አፈራረሰው፤ በተከታዩ ወር የአየር ኃይል አብራሪ የነበረው ልጃቸው ሞተ። ዩኒቨርሲቲው ከፔኪንግና ከቺንሁዋ ጋር ተዋሕዶ በ1938 በኩንሚንግ ሲደራጅ፣ ዣንግ የዕለት ሥራውን ለሜይ ዪቺ ተዉላቸው። ሜይ የቺንሁዋ ፕሬዚዳንት ሲሆኑ፣ በ1908 ከናንካይ ከተመረቁት ከመጀመሪያዎቹ የዣንግ ተማሪዎች አንዱ ነበሩ።

በ1948 የተቀበሉት የመንግሥት ሹመት ለስማቸው የጨመረላቸው ነገር የለም። በ1949 የቺያንግ ካይ ሼክ መንግሥት ወደ ታይዋን ሲሸሽ አብረው አልሄዱም፤ በየካቲት 1951 በቲያንጂን አረፉ።