ዘር ሰብስቦ በረሃብ የሞተው ሰው

በአይከልና በአካባቢዋ ያደጋችሁ ከሆነ ከምድጃው በላይ ጭስ እየጠጣ የሚሰቀለውን የዘር ቅል ታስታውሱታላችሁ። አያቴ ክረምቱ ገፍቶ ጎተራው ሲራቆት እንኳ ያንን ቅል አታስነካም ነበር። እኛ ልጆች ስስት ይመስለን ነበር። ዛሬ ታሪኩን የማካፍላችሁ ሰው ግን ነገሩ በደንብ ይገባው ነበር።

ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1887 በሞስኮ ከነጋዴ ቤተ ሰብ ተወለደ። የእርሻ ትምህርቱን እዚያው ጨርሶ፣ በእንግሊዝ አገር በሳይንቲስቱ ዊልያም ቤትሰን ዘንድ የዘር ውርስን ጥናት ተማረ። በ1921 ወደ ፔትሮግራድ (በኋላ ሌኒንግራድ ወደ ተባለችው ከተማ) ሄዶ የዕፅዋት ምርምር መሥሪያ ቤቱን ሲረከብ ሩሲያ ሚሊዮኖችን በጨረሰ ረሃብ ውስጥ ነበረች።

የእርሱ አሳብ ምን ነበር? አንድ ሰብል ከጥንት ጀምሮ በለመደበት አገር ዓይነቱ ይበዛል፤ በዚያ ብዛት ውስጥም ድርቅን፣ ውርጭንና ዋግን የሚችል ዘር ተሰውሮ ይገኛል የሚል ነው። ገበሬ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ። ማሳው ሁሉ አንድ ዓይነት ዘር ብቻ ከሆነ ዋግ ሲመጣ ሁሉን ጠርጎ ይሄዳል፤ ድብልቅ ከሆነ ግን የሚተርፍ አይጠፋም። (ሰርገኛ ጤፍን የምንንቅ ሰዎች ይህን ብናስብበት መልካም ነው።)

ይህን ፍለጋ በ1927 ወደ አገራችን አመጣው። አዲስ አበባ ላይ ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ጋር ተገናኘ፤ ከዚያም በቅሎ ጭኖ ወደ ሰሜን ተጓዘና ጎንደርን አልፎ በአክሱም በኩል ወደ አስመራ ወጣ። በየመንገዱ ከገበሬው ማሳና ከገበያ እህል እየዘገነ በሺዎች የሚቆጠሩ ናሙናዎችን ሰበሰበ። ጤፍና ኑግ የዚህች ምድር የራሷ መሆናቸውን መሰከረ፤ በስንዴያችንና በገብሳችን ዓይነት ብዛትም ተደነቀ። ዛሬ ተመራማሪዎች ስንዴና ገብስ መጀመሪያ ለእርሻ የበቁት በመካከለኛው ምሥራቅ እንደ ሆነ ይናገራሉ፤ ነገር ግን ያን ሁሉ ዓይነት ጠብቀው ያቆዩት የእኛ አባቶችና እናቶች ናቸው። ኋላ በካሊፎርኒያ ገብስን አቢጭቶ የሚያቀጭጭ በሽታ በተነሣ ጊዜ መከላከያው የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነበር።

ወደ ቫቪሎቭ እንመለስ። በአገሩ ትሮፊም ሊሴንኮ የሚባል ሰው ተነሥቶ የዘር ውርስን ሳይንስ እያጣጣለ ፈጣን ምርት ተስፋ ሰጠ፤ ስታሊንም ሰማው። ቫቪሎቭ እውነት ነው ያለውን አልካደም። በነሐሴ 1940 (እ.ኤ.አ.) በምዕራብ ዩክሬን ዕፅዋት ሲሰበስብ ተያዘ። በቀጣዩ ዓመት ሞት ተፈረደበት፤ ፍርዱም ኋላ ወደ 20 ዓመት እስራት ተለወጠ። ዮሴፍ ከእስር ቤት ወጥቶ እህል አከማቸ፤ ይህ ሰው ግን ዘር አከማችቶ እስር ቤት ገባ፣ አልወጣምም። ጥር 26 ቀን 1943 በሳራቶቭ እስር ቤት ረሃብ ጨርሶት በ55 ዓመቱ ሞተ። ስሙ የታደሰው በ1955 ነው።

በዚያው ጊዜ ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር ተከብባ ነበር። በክፉው ክረምት ለብዙ ሰው በቀን የሚታደለው ዳቦ 125 ግራም ብቻ ሆነ። የቫቪሎቭ ባልደረቦች ግን ሩዝ፣ ስንዴ፣ በቆሎና አተር በሞላበት ሕንፃ ውስጥ ተቀምጠው አንዲት ፍሬ አልቀመሱም። የሩዙ ጠባቂ ዲሚትሪ ኢቫኖቭ በሩዝ ከረጢቶች መካከል በረሃብ ሞተ። የለውዙ ጠባቂ አሌክሳንደር ሹኪንም በጠረጴዛው ላይ እንዳለ አረፈ። ሌሎችም ተከተሏቸው። ዘሩ ተረፈ።

ይህን ሳነብ የሰባ ሰባቱ ድርቅ ትዝ ይለኛል። ያን ጊዜ ስንቱ ገበሬ የዘር ቅሉን አውርዶ ለልጆቹ ቆላ! እኔ በበኩሌ ልወቅሰው አልደፍርም፤ የልጁን ፊት እያየ ምን ያድርግ? ለዚህ ለጭንቁ ሰው ያሰቡ አንድ ኢትዮጵያዊ ግን ነበሩ፤ ዶክተር መላኩ ወረደ ይባላሉ። በ1976 (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመውን የዘር ባንክ በእነዚያ ዓመታት ይመሩ ነበር። ከገበሬዎች ጋር ሆነው የየአገሩን ነባር ዘር ሰበሰቡ፤ ድርቅ ሲመጣ ለገበሬው ተመልሶ የሚሰጥ የመጠባበቂያ ዘርም አስቀመጡ።