አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ፦ የግእዝ መዝገበ ቃላት ባለአደራ

በኢትዮጵያ የመዝገበ ቃላት ዝግጅት ታሪክ ጉልህ ስፍራ ከያዙት ሊቃውንት መካከል አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አንዱ ናቸው።

አለቃ ኪዳነ ወልድ በ1862 ዓ.ም. በሸዋ ተወለዱ። በአገር ቤት የቤተ ክህነት ትምህርት ከተከታተሉ በኋላ ወደ ኢየሩሳሌም ተሻግረው ለ30 ዓመታት ያህል የኖሩ ሲሆን፣ በዚያም ዕብራይስጥ፣ ሱርስትና ዐረብኛ አጥንተዋል።

መምህራቸው ክፍለ ጊዮርጊስ ቀደም ሲል በሮም ከጣሊያናዊው ምሁር ኢኛሲዮ ጉዊዲ ጋር የሠሩ ሊቅ ሲሆኑ፣ የግእዝ መዝገበ ቃላት ማዘጋጀት ጀምረው ነበር። ሥራው ሳይፈጸም በማረፋቸው ረቂቁን ለደቀ መዝሙራቸው በአደራ አስተላለፉ።

በወቅቱ የታወቀው የግእዝ መዝገበ ቃላት ጀርመናዊው ኦገስት ዲልማን እ.ኤ.አ. በ1865 ያሳተመው ነበር። ይሁን እንጂ ፍችው በላቲን በመሆኑ ለአብዛኛው ኢትዮጵያዊ አንባቢ የተዘጋ ሆኖ ቆይቷል። አለቃ ኪዳነ ወልድ በአንጻሩ የግእዙን ቃል በአማርኛ ፈቱ፤ ከሌሎች ሴማዊ ቋንቋዎች ጋር አነጻጸሩ፤ በአበገደ ተራም አሰናዱ።

ወደ አገራቸው ተመልሰው በድሬዳዋ ከደቀ መዝሙራቸው ከአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ጋር ሥራውን ቀጠሉ። ነገር ግን መጽሐፉ ታትሞ ሳያዩት በ1936 ዓ.ም. ዐረፉ። አደራው ዳግም ተሻገረ።

አለቃ ደስታም የመምህራቸውን ድካም በ1948 ዓ.ም. መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ በሚል ርእስ አሳትመው ለአንባቢ አበቁ። የራሳቸውን ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት ደግሞ በ1962 ዓ.ም. አወጡ።

በሦስት ትውልድ ቅብብሎሽ የተፈጸመው ይህ ሥራ የቃላትን ሥር ለሚመረምሩ ጸሐፊዎችና ተርጓሚዎች ዛሬም ዋነኛ ዋቢ ነው።