ሙቀት ፍለጋ ወርደው ከተማ የቆረቆሩት እቴጌ

ጥር ሲገባ በኮሌጃችን ወሬው ሁሉ አንድ ነው፤ ለሪዲንግ ዊክ ዕረፍት የት እንሂድ? ጃማይካ፣ ኩባ ወይስ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ? የሪዞርት ዋጋ ይነጻጸራል፣ ምግቡ ከአልጋው ሒሳብ ጋር መጠቃለሉ ይጠየቃል፣ የባሕር ዳርቻ ፎቶ ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል። የቶሮንቶን ብርድ የቀመሰ ሰው አይፈረድበትም። እኔም በዚህ እትም ስለ እቴጌ ጣይቱ ልጽፍላችሁ ያሰብኩት በዚሁ ምክንያት ነው። እሳቸውም ብርድ ሸሽተው ሙቅ ውኃ ወዳለበት ወርደዋል። የሠሩት ቤት ግን አድጎ ዋና ከተማ ሆነ። (ዓመቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

ጣይቱ ብጡል ከሰሜንና ከበጌምድር የገዢ ቤተሰብ ተወለዱ። አጎታቸው ደጃዝማች ውቤ ሰሜንንና ትግራይን ይገዙ ነበር፤ አፄ ቴዎድሮስ ደረስጌ ላይ ድል ሲያደርጓቸው የቤተሰቡ ሥልጣን አብሮ ወደቀ። ጣይቱ በዘመኑ ለሴት ልጅ ብዙም ያልተለመደውን ማንበብና መጻፍ ተማሩ፤ በገናም ይደረድሩ ነበር። ትዳር ይዘው የፈቱ፣ ብዙ ያዩ ሴት ከሆኑ በኋላ በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት አንኮበር ላይ የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን አገቡ።

በዚያን ጊዜ የምኒልክ ከተማ እንጦጦ ተራራ ላይ ነበር። ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው እንጦጦ ጠላትን ከሩቅ ለማየት ይመቻል፤ ለኑሮ ግን ይከብዳል። ነፋሱ ኃይለኛ ነው፣ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ማገዶም እየራቀ ሄደ። ከተራራው ግርጌ ደግሞ ፍል ውኃ ይፈልቃል። ቤተ መንግሥቱ እየወረደ ድንኳን ተክሎ ይታጠብ፣ ሕመሙንም ያስታግስ ነበር። ሌላው ታጥቦ ሲመለስ ጣይቱ ቦታውን ወደዱት፤ ቤት መሥሪያ ጠየቁ፣ ተፈቀደላቸው። በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ ለሐረር ዘመቻ በሄዱበት ወቅት እቴጌዋ ለስፍራው አዲስ አበባ የሚል ስም አወጡለት። መኳንንቱም እየተከተሉ በዙሪያው ቤት ሠሩ።

በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት፣ ጣይቱ እቴጌ ተብለው እንጦጦ ማርያም ዘውድ ጫኑ። የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በጣሊያንኛው ቅጂ ኢትዮጵያን የጣሊያን ጥገኛ አድርጎ መገኘቱ ሲታወቅ እቴጌዋ አንለሳለስም ካሉት ግንባር ቀደሟ ነበሩ። ጦርነቱ ሲመጣም የራሳቸውን ሠራዊት አሰልፈው ዘመቱ። በጥር 1888 ዓ.ም. መቀሌ ላይ ጣሊያኖች በምሽግ ውስጥ ሆነው አልበገር ሲሉ ከምሽጉ በታች ያለውን ምንጭ ማስያዝ የእሳቸው ምክር ነው ይባላል። ወታደሮቻቸው ምንጩን ያዙ፤ ውኃ የጠማው ምሽግ ጥቂት ቆይቶ ተለቀቀ። የካቲት 23 ቀን ዓድዋ ላይ ደግሞ ሴቶቹን አሰልፈው ለተዋጊውና ለቁስለኛው ውኃ ያስጠጡ ነበር።

ከድሉ በኋላ አዲስ አበባ የውጭ እንግዳ በዛባት። ማደሪያ ግን አልነበረም። እቴጌዋ በ1898 ዓ.ም. ገደማ ዛሬም ፒያሳ ላይ በስማቸው የሚጠራውን፣ በአገሪቱ የመጀመሪያ የሆነውን ሆቴል አሠሩ። እንግዳን በነፃ ማብላት በለመደ አገር ምግብ በገንዘብ መሸጥ እንግዳ ነገር ነበር። ዛሬ ዳንፎርዝ ላይ ሒሳብ ለመክፈል የምንሻማው ሰዎች ያን ጊዜ ማንም በልቶ መክፈል እንዳልፈለገ፣ ምኒልክ ራሳቸው ከፍለው ለመኳንንቱ አርአያ እንደሆኑ ሲነገር እንሰማለን።

ከዚያ በኋላ ምኒልክ በተደጋጋሚ ስትሮክ መታቸውና አልጋ ያዙ። ጣይቱ ሹመትና ሽረቱን በእጃቸው ሲያስገቡ መኳንንቱ ተሰበሰቡ። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. የመንግሥት ሥራ ትተው ባለቤታቸውን ብቻ እንዲያስታምሙ ተወሰነባቸው።

የነርሲንግ ተማሪ ስለሆንኩ ይህን ሳነብ ቆም አልኩ። ማስታመም ከሥልጣን ማውረጃ ቅጣት ሆኖ ተሰጣቸው ማለት ነው፤ ሥራ አይደለም ተብሎ። ስትሮክ የመታውን ሰው የተንከባከበ ያውቀዋል። ገላው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ አለ፣ ትን እንዳይለው ቀስ አድርጎ ማጉረስ አለ፣ መናገር ሲያቅተው በዓይኑ ምን እንደፈለገ መረዳት አለ። የአገር ጉዳይ ስትመራ ለኖረች ሴት ያ ውሳኔ ውርደት ነበር፤ ሥራው ግን ትንሽ አልነበረም። ጣይቱ ምኒልክ እስካረፉበት እስከ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ድረስ ከሦስት ዓመት በላይ ከአልጋው አጠገብ ቆዩ።

ምኒልክ ሲሞቱ ጣይቱ ከቤተ መንግሥት ወጥተው ወደ እንጦጦ ማርያም ተላኩ፤ ያው ትተውት ወደ ወረዱት ብርድ። ከተራራው ላይ ከተማቸው ታች ተዘርግታ ትታያለች። ወደ ጎንደር ልሂድ ብለው ቢጠይቁም አልተፈቀደላቸውም። የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. እዚያው አረፉ። አጽማቸው በኋላ ወርዶ በታዕካ ነገሥት በዓታ ከባለቤታቸው ጎን ዐረፈ።

ሆቴላቸው በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት ጎድቶት ነበር፤ ታድሶ ዳግመኛ እንግዳ ተቀብሏል። ፍል ውኃም እስከ ዛሬ መታጠቢያ ነው። በዚህ ክረምት አዲስ አበባ የምትሄዱ ካላችሁ በቅድሚያ እንጦጦ ውጡ፣ ብርዱን ቅመሱት። ከዚያ ውረዱና ታጠቡ። ፒያሳ ስትደርሱ ደግሞ እቴጌ ሆቴል ገብታችሁ ቡና ጠጡ፤ ሒሳቡንም ክፈሉ።